የሚናገር መሣሪያና የሚሰማ ጆሮ

ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ልጄ ለትምህርቴ የእጅ ስልክ ያስፈልገኛል ይለኛል። ልግዛለት? ወይስ ከትምህርቱ የሚያዘናጋውን ነገር በገዛ ገንዘቤ ላመጣበት ነው?» እያሉ ወላጆች ይጠይቃሉ። በእኛ በሚኤሶ ይህ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ለአርብቶ አደሩ አባት የስልኩ ዋጋ ከበረት የሚወጣ ፍየል ነው፤ በገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ቸርችራ ልጆቿን ለምታሳድግ እናት ደግሞ የብዙ ወር ዕቁብ ነው። ጠያቂዎቹ ከአፋቸው ቀንሰው የሚያወጡት ገንዘብ የልጃቸውን ዕውቀት በእርግጥ የሚጨምር መሆኑን ማወቅ ይሻሉና የታሰበበት መልስ ይገባቸዋል።

መልስ ሰጪዎች ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን፥ «የዘመኑ ትምህርት ሁሉ በስልክ ውስጥ ነው፤ ስልክ የሌለው ልጅ ወደ ኋላ ቀረ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፥ «ስልክ የልጆችን አእምሮ አጠፋ፤ ድሮ ያለዚህ ሁሉ ሰው ይማር አልነበረምን?» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም ዓይናቸውን ያሳረፉት በመሣሪያው ላይ ነው። እኔ ግን በቤተ ክርስቲያን ፊደል ቈጥሬ፥ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተምሬ፥ ከሃያ ዓመት በላይም በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ እንደ ተመለከትሁት፥ የመሣሪያው ጥቅምና ጉዳት የሚለየው መሣሪያው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው። ልጁ የሰማውን መልሶ ሲናገር የሚያዳምጠው ሰው አለን? ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው።

መሣሪያ ለትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም። ብራናው፥ የመቃ ብዕሩ፥ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም በዘመናቸው የትምህርት መሣሪያዎች ነበሩ። አንድ ዳዊት ለመጻፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ይፋቅ፥ ጸሐፊውም ወራት ጎንበስ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ በአንድ ንባብ ቤት መጽሐፉ ጥቂት፥ ተማሪው ግን ብዙ ነበር። የማተሚያ መኪና ከመጣ በኋላ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙት የፊደል ገበታ በከተማና በገጠር ተሠራጨ፤ ብራና ለመግዛት የማይችለው ቤተሰብ ልጅም የራሱን ፊደል በእጁ ያዘ። ይህ በጊዜው ታላቅ ለውጥ ነበር።

ይሁን እንጂ የፊደል ገበታ በቤቱ የገባለት ልጅ ሁሉ አንባቢ አልሆነም። በንባብ ቤት ያለፈ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። ሕፃኑ ስንደዶውን በእያንዳንዱ ፊደል ላይ እያሳረፈ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ በትምህርት የቀደመው ልጅ ከአጠገቡ ተቀምጦ ይሰማዋል፤ የኔታም ከወዲያ ማዶ ሌላውን ተማሪ እያስተማሩ እንኳ ስሕተቱ ከጆሮአቸው አያመልጥም። ሀ ሁን እንደ ዘፈን በቃሉ የያዘ ልጅ አቡጊዳ ላይ ሲደርስ የፊደሉ ተራ ይለወጥበታልና በዓይኑ ለይቶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ወዲያው ይታወቃል። ከዚያም በግእዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብ፥ በቁም ንባብ እያለ ሲወጣ በየደረጃው አንድ የሚሰማው ሰው አይለየውም። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው ቀን ገለል ብሎ ብቻውን ቅኔ ይቈጥራል፤ በኋላም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም እያደመጡ ያርማሉ። ይህንን «ነገራ» ይሉታል።

የጥንቱ ትምህርት ጉድለት አልነበረበትም ለማለት አይደለም። ትርጉሙን ሳያውቅ በቃሉ ብቻ የሚያወርድ ልጅ ብዙ ነበር፤ አለንጋውም ከሚገባው በላይ ይሠራ ነበር። ነገር ግን «ተማሪ የተማረውን ለሚሰማው ሰው መልሶ ሳይናገር ወደሚቀጥለው አያልፍም» የሚለው ሥርዓት የማያረጅ ነው። ብራናው በወረቀት ሲተካ ይህ ሥርዓት አልተተካም። በኋላ የመጡትን መሣሪያዎች ሁሉ በዚህ ሚዛን ብንመዝናቸው የጠቀሙንና ያልጠቀሙን የት ላይ እንደ ሆነ ይገለጥልናል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙም ሳይቆይ ለአዲስ አበባ ተማሪዎች ትምህርት ይሰጥበት ጀመር። ቴሌቪዥን ላልደረሰበት አገር ደግሞ የትምህርት ራዲዮ ለረጅም ዘመን አገልግሏል። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ራዲዮኑ ከጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ልጆች ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ፤ መምህሩ የመምሪያ መጽሐፉን ይዞ ከስርጭቱ በፊት ያዘጋጃቸዋል፥ ከስርጭቱም በኋላ ይጠይቃቸዋል። ራዲዮ ሥዕል አልነበረውም፤ ከመምህሩ ግን ቦታውን አልቀማውም። ስለዚህ ትሑት መሣሪያ ቢሆንም ብዙ ሰው በደግ ያስታውሰዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ትሑት አልነበረም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ሚኒስቴር በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስገባ። በየክፍሉ ሰፊ መስኮት ያለው ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ሕዝቡም በመስኮቱ ዓይነት «ፕላዝማ» ብሎ ጠራው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀና በእንግሊዝኛ የሚነገር ነበር። ሒሳብ፥ ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪ፥ ባዮሎጂ እና ሌላውም ትምህርት ለመላው አገር በአንድ ሰዓት ይተላለፋል። የክፍሉ መምህር በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፥ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መካከሉ የመስኮቱ ነው።

በዚያን ዘመን በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ወጣት መምህር ነበርሁ። ስለ ፕላዝማ ብዙ ክፉ ይነገራልና በመጀመሪያ በጎውን ልናገር። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የተቀመጠ ልጅ አሲድ ቀለም ሲለውጥ አየ፤ የልብ አከፋፈትና አዘጋግ፥ የፕላኔቶች ዑደት በዓይኑ ፊት ተንቀሳቀሰ። እኔ በጠመኔ ክብ ስዬ «ይህች መሬት ናት እንበል» የምለውን እርሱ በብርሃንና በጥላ አሳየ። የአዲስ አበባውና የቈላው ልጅ በአንድ ቀን አንድ ትምህርት ሰሙ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቱ ግን መስኮቱ አለመስማቱ ነው። «አሁን ይህን ጥያቄ ሥሩ» ይላል፤ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። መምህሩ «ቈይ» ሊለው አይችልም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመለስ ግን ትምህርቱ ከተቋረጠበት ቦታ አይጠብቅም። የሚኤሶ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ምሳሌ አያሻውም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ ምድር ባቡር በከተማችን ይቆም፥ ያወርድና ይጭን ነበር፤ ከተማይቱም በዚያ ምክንያት አደገች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በአጠገባችን ያልፋል። ባቡር ሲያልፍ ቆሞ ያየ ሰው ግን ተሳፈረ አይባልም። ፕላዝማው ለብዙዎቹ ተማሪዎቻችን በጣቢያው ሳይቆም የሚያልፍ ባቡር ሆነባቸው።

የቋንቋውም ነገር አለ። በእኛ ክፍል የሚቀመጠው ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ወይም አማርኛ ይናገራል። በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻው ተምሮ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። በዝግታ የሚናገር መምህር እንኳ ለመከታተል ለሚቸግረው ልጅ የመስኮቱ ፍጥነት ከባድ ነበር።

አንድ ቀን ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ትምህርት ከተላለፈ በኋላ ደብተራቸውን እየዞርሁ ተመለከትሁ። አንዱ ተማሪ በአንድ መስመር ተከታትለው የተያያዙትን አምፖሎችና ባትሪውን አሳምሮ ስሏል፤ ከመስኮቱ የተለየ አንዲት መስመር የለችበትም። «ከእነዚህ ሦስት አምፖሎች አንዱ ቢቃጠል የቀሩት ሁለቱ ምን ይሆናሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ግን አባቱ በሱቃቸው በር ላይ ለበዓል የሚሰቅሏቸውን ትንንሽ መብራቶች አስታወሰ። አንዷ ስትበላሽ ሁሉም እንዴት እንደሚጠፉ፥ ኤሌክትሪኩም መተላለፊያ ስላጣ እንደ ሆነ ለጓደኛው በኦሮምኛ አስረዳው። ያ ሥዕሉን ያሳመረው ልጅ፥ «ቲቸር፤ ታዲያ በቤታችን አንዱ ክፍል ሲጠፋ ሌላው የማይጠፋው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ትምህርቱ በእርግጥ የጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው። ሁለቱም ልጆች መልሱን በየራሳቸው እንግሊዝኛ ጻፉ።

ልብ አድርጉ፤ ፕላዝማው ሥዕሉን ባያሳይ ኖሮ ጨዋታው ባልተነሣም ነበር። መሣሪያው ነገሩን አምጥቷል። ነገሩ ዕውቀት የሆነው ግን አንዱ ለሌላው ሲናገርና ሌላው ሲሰማ ነው። ከዚያ ወዲያ ለማጠቃለያ የተሰጠችኝን ጥቂት ደቂቃ ለእኔ ንግግር አላዋልኋትም፤ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው፥ ደብተራቸውን ዘግተው፥ በሚቀናቸው ቋንቋ እንዲነጋገሩባት አደረግሁ። ይህም የቅኔ ቤቱ ነገራ በፊዚክስ ክፍል ገባ ማለት ነው።

«መምህር ሳይኖር ልጆች በመሣሪያ ብቻ ይማራሉ» የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት አንድ ታሪክ አለ፤ የተፈጸመውም በአገራችን ነው። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በስምጥ ሸለቆዋ ወለንጪቲ አካባቢ ለሚኖሩ፥ የትምህርት ዕድል ላላገኙ ሕፃናት፥ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን በካርቶን እንደ ታሸጉ ሰጣቸው። ወለንጪቲ ከአዳማ ወደ እኛ በሚመጣው መንገድ ላይ ያለች ናትና ለእኛ ሩቅ አይደለችም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. እንደ ተናገሩት፥ በ4 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ያህል ፕሮግራም ይከፍት ጀመር፤ በ2 ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር፤ በ5 ወር ውስጥም የተቈለፈውን የመሣሪያውን ክፍል ፈቱት።

ይህን ስሰማ የአገሬ ልጆች ብልሃት ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «መምህር አያስፈልግም» የሚል አይደለም። በአንድ መንደር አብረው የሚውሉ ልጆች አንዱ ያገኘውን ለሌላው ሳያሳይ አይውልም፤ ስለዚህ በዚያ መምህር ባይኖርም የሚሰማና የሚያሳይ ጓደኛ አልጠፋም። ደግሞም የፊደልን መዝሙር መዘመርና አንድን ገጽ አንብቦ መረዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሀ ሁን በቃሉ ይዞ አቡጊዳ ላይ የሚቆመውን ልጅ ያየ ሰው ይህን ልዩነት አይስተውም።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ፥ ነገሩ ሌላ ፈተና ገጠመው። ትምህርቱ ወደ ራዲዮ፥ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ተዛወረ። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስኪከፈቱ ድረስ ልጆች በየቤታቸው ቈዩ። መብራትና ስልክ ያለው ቤት ልጅ ትምህርቱ በመጠኑ ደረሰው፤ ከብት ሲያግድ የዋለው ልጅ ግን ድምፁን እንኳ አልሰማም። እንግዲህ መሣሪያ ማጣት ጉዳት መሆኑን ያን ጊዜ በግልጽ አየን። ሌላም ነገር አየሁ። መሣሪያ ካላቸው ልጆች መካከል ብርቱ ሆነው የተመለሱት ታላቅ እኅት ወይም ወንድም ከአጠገባቸው ተቀምጦ «እስቲ ንገረኝ» ይላቸው የነበሩት ናቸው። ብቻቸውን የተተዉት ብዙ ፋይል ሰብስበው፥ ጥቂት ነገር ይዘው መጡ።

አሁን ወዳለንበት ዘመን እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው በዚያ እንዲፈተኑ የተደረገው፥ በፊት በቴሌግራምና በሌላ መንገድ የሚሾልከውን መልስ ለማስቀረት ነበር። ውጤቱም ሲታወቅ፥ ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ 8.4 ከመቶ ደረሰ። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፥ የመምህራን ችግር አለ፥ ጦርነትና መፈናቀልም አለ። ነገር ግን አንዱ ምክንያት መልስን መያዝና ነገሩን ማወቅ አንድ መስለው ለብዙ ዓመት መቈየታቸው ነው። ስልኩ መልስ አመላላሽ በሆነበት ቤት ተማሪው ባዶውን ወደ ፈተና አዳራሽ ገባ።

በዚያው አንጻር ደግሞ ሌላውን እውነት እንይ። በ2016 ዓ.ም. ከፈተናው ተፈታኞች ከፊሎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒዩተር ተፈተኑ። በከተማ ለምዶት ያደገው ልጅ ጣቶቹ ሳያስቡ ይሄዳሉ፤ በቈላው ቀበሌ ያደገችው ልጅ ግን ጥያቄውን እያወቀች ወደሚቀጥለው ገጽ ለመሻገር ስትፈልግ ደቂቃዋ ያልቃል። ስለዚህ «ልጄን ከዚህ ሁሉ አርቄ አሳድጋለሁ» የሚል ወላጅ ልጁን ጠበቀ ሊባል አይችልም፤ ለማያውቀው መንገድ ሳያዘጋጅ ሰደደው እንጂ።

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህም ቻትጂፒቲ የተባለው፥ እርሱንም የመሰሉ ሌሎች መሣሪያዎች ወጥተዋል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሏቸዋል። ከፕላዝማ የሚለዩት ሲጠየቁ መመለሳቸው ነው። ልጅ «አልገባኝም፤ እንደ ገና አስረዳኝ» ቢል አይሰለቹም። ይህ ትልቅ ነገር ነውና አንናቀው። ሆኖም አሠራራቸውን ማወቅ ይገባናል። እነዚህ መሣሪያዎች ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የሚስማማውን ቃል እያከታተሉ ይናገራሉ። ስለዚህ እውነቱን በተናገሩበት በዚያው ለስላሳ አነጋገር ሐሰቱንም ይናገራሉ፤ ሲሳሳቱ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም። እንደ አማርኛ፥ ኦሮምኛና ሶማልኛ ያሉ፥ በኢንተርኔት ላይ ጽሑፋቸው አነስተኛ የሆነ ቋንቋዎች ደግሞ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ያስቸግሯቸዋል። ልጁ ገና የማያውቀውን ነገር ስለሚጠይቅ ስሕተቱን ለመለየት አይችልም። ከዚህም የሚብሰው፥ ድርሰቱን ጻፍልኝ፥ ሒሳቡን ሥራልኝ ሲላቸው እሺ ማለታቸው ነው። የኔታ ግን «አንተ በል እንጂ» ነበር የሚሉት።

እንግዲህ ወላጆች ምን እናድርግ? ከልምድ ያገኘኋቸውን ጥቂት ምክሮች ላቅርብ።

በመጀመሪያ፥ ልጁ በስልክ ተምሬአለሁ ባለ ቀን ስልኩን አስቀምጦ የተማረውን ይንገራችሁ። «እኔ አልተማርሁ፤ ምን አውቄ እሰማዋለሁ?» የምትል እናት ብዙ ናት። እናቴ ሆይ፤ መስማት ፊደል መቍጠር አይጠይቅም። ልጅሽ በሚያውቀው ነገር ላይ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ በማያውቀው ላይ ይደናቀፋል፥ ወይም ያልተረዳውን የእንግሊዝኛ ቃል ይደጋግማል። «ይህን ቃል በቤታችን ቋንቋ ምን ትለዋለህ?» ብለሽ ጠይቂው። መመለስ ካልቻለ ገና አልገባውምና ተመልሶ ይመልከተው። ይህች ጥያቄ ምንም ወጪ የላትም።

ሁለተኛ፥ ወረቀት ይቅደም። ልጁ ጥያቄውን በመጀመሪያ በደብተሩ በገዛ እጁ ይሞክር፤ ከተቸገረ በኋላ መሣሪያውን ይጠይቅ፤ ያገኘውንም ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ያስተያይ፤ ያልተስማማ ነገር ካገኘ ምልክት አድርጎ ለመምህሩ ያምጣ። በዚህ ሥርዓት የሠራ ልጅ የመሣሪያውን ስሕተት በአንድ ቀን ካገኘ ከዚያ ወዲያ ዓይኑ የተከፈተ ይሆናል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም «ሥራልኝ» ከማለት ይልቅ፥ «እኔ ላስረዳ፤ የጐደለኝን ንገረኝ» ቢለው ከመስጠት ወደ መስማት ይመልሰዋል።

ሦስተኛ፥ አንድ ስልክ ለብዙ ልጅ ይበቃል። በየቤቱ አንድ አንድ ከመግዛት ይልቅ የሦስት ጎረቤት ልጆች በአንድ ስልክ ዙሪያ ቢሰበሰቡ ወጪው ይቀንሳል፥ ነገራውም ሳይጠሩት ይመጣል። የኔትወርክና የመብራት ነገር በእኛ አገር የታወቀ ስለ ሆነ፥ መጽሐፉንና ትምህርቱን ኔትወርክ ባለበት ሰዓት አውርዶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ስልኩ የሚሠራበት ሰዓትና ቦታ ይወሰን፤ በሌሊት ከልጁ መኝታ ይራቅ። ስልክ ለትምህርት የተገዛ ቢሆንም በውስጡ ያለው ሁሉ ለትምህርት የተሠራ አይደለምና።

አራተኛ፥ ሴት ልጃችሁን አትርሷት። በብዙ ቤት ስልኩ ለወንዱ ይሰጣል፤ እርስዋ ውኃ ቀድታ፥ እንጀራ ጋግራ፥ ሕፃን አዝላ ስትጨርስ የስልኩ ባትሪም የእርስዋም ጉልበት አልቋል። ፈተናው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ከቤት ሥራ ነጻ የሆነች አንዲት ሰዓት ካልተሰጣት ስልክ መግዛቱ ለእርስዋ ምንም አይጠቅማትም። ወንድሟ በዚያች ሰዓት ውኃውን ቢቀዳ ክብሩ አይጐድልም።

ለሥራ ባልደረቦቼ ለመምህራንም አንድ ቃል አለኝ። ክፍላችን በተማሪ የተጨናነቀ መሆኑን፥ አንድ በአንድ ለመስማት ጊዜ እንደማይበቃን አውቃለሁ። ነገር ግን የኔታም ሁሉን በየራሱ ሰምተው አልዘለቁትም፤ የቀደመውን ልጅ በኋለኛው ላይ ሾመው ነበር። እኛም ለሚሰማው ተማሪ ማዕረግ እንስጠው። መሣሪያው ማስረዳቱን በከፊል ቢያቃልልልን የተረፈችውን ደቂቃ ለሌላ ማስረዳት አናውላት፤ ተማሪው እንዲናገርባት እንተዋት። ዝም ብሎ የሚጽፍ ክፍል ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ያወቀና ያላወቀ ግን አይለይበትም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። መሣሪያን በሩጫ ተቀብለን በሩጫ ስንጥል የቈየነው፥ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ሊገባ የሚገባውን ልማድ ሳናስገባ ስለ ቀረን ነው። የፊደል ገበታው ያለ ስንደዶና ያለ ሰሚ ወረቀት ነበር። ፕላዝማው ያለ ሰሚ የሚያልፍ ባቡር ሆነ። ስልኩም ያለ ሰሚ የሌላ ሰው መልስ ማከማቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለተጠየቀው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ዐቅማችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ግዙለት፤ የማይፈቅድ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተባበሩ፤ ልጃችሁ ከዘመኑ መሣሪያ ጋር ሳይተዋወቅ አይደግ። ነገር ግን ለስልኩ ፍየል የሸጠ አባት በየማታው ግማሽ ሰዓት ይጨምርበት። ሥራውን አስቀምጦ፥ ከልጁ ፊት ለፊት ተቀምጦ፥ «እስቲ ዛሬ የተማርኸውን ንገረኝ» ይበለው። ስልክ መግዛት ያልቻለም አባት ቢሆን ይህችን ግማሽ ሰዓት ከመስጠት የሚከለክለው የለም።